ይቆራረጣል፣ ይንገጫገጫል፣ ይጎተታል፦ ከደብረ ማርቆስ የአንድ ስትሪም ጥገና ማስታወሻ

ጥር 2፣ ቅዳሜ ማታ

ታናሽ ወንድሜ የሰፈሩን ልጆች አሰባስቦ ለቃና ዘገሊላ የኳስ ጌም ውድድር ሊያዘጋጅ ነው። አሥራ ስድስት ልጅ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ጆይስቲክ። እስከዚህ ምንም አይደል። ጣጣው «በዩቲዩብ ላይቭ ይተላለፋል» ብሎ ለሰው ሁሉ ማውራቱ ነው፤ ስትሪም የሚሉት ይኸው ነው። አዲስ አበባ ያለችው የአክስታችን ልጅ ትጠብቃለች። ባሕር ዳር የሚማሩት ጓደኞቹ ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ ኮምፒውተር ስለምጠግን ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኔው ላይ ወደቀ።

ዛሬ የመጀመሪያውን ሙከራ አደረግን። እኛ ክፍል ውስጥ ጌሙ ምንም አይልም። ኳሷ ትሄዳለች፣ ልጆቹ ይጯጯኻሉ። ዩቲዩብ ላይ የሚታየው ግን ሌላ ጉድ ነው። የአክስታችን ልጅ ደውላ «ኧረ ይቆራረጣል!» አለች። ባሕር ዳር ያለው ጓደኛው «ይንገጫገጫል» ብሎ ጻፈ። ወንድሜ በስልኩ አየና «ይጎተታል እኮ» አለ። ሦስቱም ያው አንድ ነገር መሰሉኝና ደብተሬ ላይ «ላግ አለው» (ይዘገያል ለማለት) ብዬ ጽፌ ተኛሁ።

ዕቃው ይኸው፦ ሲፒዩው (የኮምፒውተሩ አንጎል) ኮር አይ5 9400ኤፍ፣ ስድስት ኮር። ጂፒዩው (ምስሉን የሚሥለው) ጂቲኤክስ 1650፣ 4 ጊጋ። ራም (የሥራ ማህደረ ትውስታው) 8 ጊጋ፣ እሱም አንድ ፍሬ። ሞኒተሩ 75 ኸርዝ፣ በሰከንድ 75 ሥዕል የሚያሳይ። የሚያሰራጨው ፕሮግራም ኦቢኤስ። ኢንተርኔቱ ሳሎን ካለው ራውተር በዋይፋይ፣ ሁለት ግድግዳ ሰንጥቆ ይመጣል። የኦቢኤሱን ሴቲንግ ወንድሜ ከአንድ ቪዲዮ ላይ እንዳለ ገልብጦታል፦ የምስሉ ጥራት 1080ፒ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም (ሥዕል)፣ ቢትሬት (በሰከንድ የሚላከው ዳታ) 6000 ኪሎቢት፣ ኤንኮደር (ምስሉን ለመላክ የሚያሽገው) ኤክስ264፣ ፕሪሴት (የማሸጉ ደረጃ) «ሚዲየም»። ቪዲዮውን የሠራው ሰውዬ ደብረ ማርቆስ እንደማይኖር ግልጽ ነው።

ጥር 3፣ እሑድ

አንድ የሙያ ጓደኛዬ «ፎርማት አድርገው» አለኝ። በእኛ ሙያ ይቺ መድኃኒት ለሁሉም በሽታ ትታዘዛለች። አልሰማሁትም። ግን ከእሱ የተሻለ አልሠራሁም፤ ግማሽ ቀን የጂፒዩ ድራይቨር (ጂፒዩውን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ሳጠፋና ስጭን ዋልኩ። ምንም ለውጥ የለም።

ከሰዓት ኬዙን ከፈትኩት። የሲፒዩው ማቀዝቀዣ ላይ አቧራው ተጋግሮ ጋቢ ሆኗል። ጌምና ኦቢኤስ አብረው 25 ደቂቃ ሲሠሩ ሙቀቱ 96 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ይህ ሲፒዩ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማትረፍ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ መጠርጠሬ አግባብ ነው። ከተማችን ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ነው የተቀመጠችው። አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በ20 ከመቶ ገደማ ይሳሳል። ፋን የሚገፋው አየር ከሳሳ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። የማርቆስ ብርድ ባይክሰን ኖሮ ጉዳችን ነበር።

አቧራውን በብሩሽና በብሎወር አወጣሁ። በሲፒዩውና በማቀዝቀዣው መካከል የደረቀውን ፔስት ለመጥረግ ከፋርማሲ አልኮል ገዛሁ። ወንድሜ «አረቄ አለ አይደል እንዴ፣ ለምን ብር ታወጣለህ?» አለኝ። የጎጃም አረቄ ብዙ ነገር ይፈታል፤ ውስጡ ግን ውኃም አለበት፣ ሲፒዩ ላይ አላፈስም። አዲስ ፔስት ቀባሁ። ሙቀቱ 79 ላይ ቆመ።

ደስ ብሎኝ ስትሪሙን ከፈትኩ። ያው ነው። ቤቱን አጸዳሁ እንጂ እንግዳውን አላስወጣሁትም።

ጥር 4፣ ሰኞ

ዛሬ ቅዳሜ ላደርገው የሚገባኝን አደረግሁ። ኦቢኤስ ውስጥ ስታትስ የምትባል ትንሽ መስኮት አለች። ከፍቼ አሥር ደቂቃ ሙሉ ሴቲንግ ሳልነካ አየኋት። በሰከንድ 60 ፍሬም ለአሥር ደቂቃ 36,000 ፍሬም ነው። ከዚያ ውስጥ የጠፋውን በሦስት መስመር ለይታ ታሳያለች።

በኔትወርክ ምክንያት የወደቀ 4,104። ኤንኮደሩ ሳይደርስበት የዘለለው 2,520። ጂፒዩው ሳይሥለው ያመለጠ 3,960።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ለካ ሦስቱም ሰዎች ልክ ነበሩ! እኔ ነኝ ሦስቱን ቃል «ላግ» ብዬ አንድ ከረጢት ውስጥ የከተትኩት። «ይቆራረጣል» ያለችው መንገድ ላይ የጠፋውን ነው የምታየው፤ ምስሉ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ክቧ ትዞራለች፣ ዘሎ ይቀጥላል። «ይጎተታል» ያለው ኮምፒውተሩ ሥራው በዝቶበት ነው፤ ምስሉ ሳይቆም ከብዶት ይሄዳል። «ይንገጫገጫል» ግን ሌላ መልክ አለው፤ እንደ ኮረኮንች መንገድ አውቶብስ ሳይቆም ይዘላል። ይኼኛውን የትኛው ቁጥር ላይ እንደምመድበው ዛሬ አላወቅሁም።

ደብተሩን በሦስት ዓምድ ከፈልኩት። ከዛሬ ጀምሮ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የምነካው።

ጥር 5፣ ማክሰኞ፦ ይቆራረጣል

የሚጫነውን ፍጥነት (አፕሎድ፣ ከእኛ ወደ ውጭ የሚላከውን) ለካሁ። የሚያወርደው ሳይሆን የሚጭነው ነው ለስትሪም የሚቆጠረው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። እኩለ ቀን ላይ 5.2 ሜጋቢት። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 3.1። እኛ በዚህ ውስጥ 6 ሜጋቢት እንግፋ ስንል ነበር። አንድ ኩንታል ጤፍ በግማሽ ኩንታል ማዳበሪያ እንደመሙላት ነው፤ የተረፈው መሬት ላይ ይፈሳል።

መጀመሪያ ዋይፋዩን ተውኩት። አሥራ አምስት ሜትር የኔትወርክ ገመድ በጣሪያው ጥግ አሳልፌ ከራውተሩ ጋር አገናኘሁ። ቢትሬቱን ሳልነካ ስሞክር የወደቀው ከ4,104 ወደ 3,300 ገደማ ወረደ። ገመዱ የራሱን ድርሻ ተወጣ ማለት ነው።

ቀጥዬ ቢትሬቱን 2200 አደረግሁ፤ ድምፁ 128። ሁለቱ ተደምረው ከማታው 3.1 ሜጋቢት ሩብ ያህሉን ለመተንፈሻ ይተዋሉ። ግን 1080ፒ በ60 ፍሬም ለዚህ ቢትሬት በዛ፤ ሣሩ ሁሉ ተቦክቶ ገንፎ መሰለ። ስለዚህ 720ፒ በ30 ፍሬም አደረግሁት። (በዚህች ላይ ሕጌን ጣስኩ፣ ሁለት ነገር አንድ ላይ ነካሁ። ኋላ ኤንኮደሩ ላይ ቁጥሩ ሲቀንስ ለምን እንደቀነሰ ግራ አጋብቶኛል።) የሚበላውም ዳታ በሰዓት ከ2.8 ጊጋባይት ገደማ ወደ 1 ጊጋባይት ገደማ ወረደ፤ ይህን የሰማው የቤቱ ከፋይ፣ ማለትም እኔ፣ ደስ ብሎታል።

ሌላም ትንሽ ነገር አገኘሁ። ስትሪሙ በየአምስት ስድስት ደቂቃው የሚደናቀፍበት ምክንያት የወንድሜ ስልክ ነው። የክፍል ቴሌግራም ግሩፓቸው ቪዲዮ ሲለዋወጥ የኛን ኔትወርክ ያጣብባል። ለውድድሩ ቀን ስልኮች ሁሉ ከዋይፋይ ይውጡ ተባለ። ተቃውሞ ነበር፤ ውድቅ ሆነ።

በኔትወርክ የወደቀ፣ ከ18,000 ፍሬም 31። የአክስታችን ልጅ ደወለች፦ «አሁን አይቆራረጥም። ግን ደስ አይልም።»

ጥር 6፣ ረቡዕ፦ ይጎተታል

ኤንኮደሩን ከኤክስ264 አንስቼ ኤንቪኤንክ ላይ አደረግሁት። ኤክስ264 ምስሉን የሚያሽገው በሲፒዩ ነው። ስድስት ኮር ብቻ ያለው ሲፒዩ ጌሙንም ማሸጉንም ልቻል ሲል ሁለቱም ይጎድሉበታል። ኤንቪኤንክ ግን ጂፒዩው ላይ ለብቻው የተሠራ ክፍል ነው፤ ጌሙን ብዙም አይነካም። የመጀመሪያዎቹ ጂቲኤክስ 1650ዎች የያዙት ከእኩዮቻቸው በአንድ ትውልድ ያረጀውን ነው። ሰው በዚህ ሲያማቸው እሰማለሁ። ለ720ፒ የኳስ ጌም ግን ከበቂ በላይ ነው። ኤንኮደሩ የዘለለው፦ ዜሮ።

ያመለጠው ግን አሁንም 1,530 ነው፣ ከ18,000። ይህ ነው ያደከመኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ጌሙ በሰከንድ 90 እና 100 ፍሬም እየሄደ እንዴት ኦቢኤስ 30 ብቻ መሣል ያቅተዋል?

መልሱ እዚያው ጥያቄው ውስጥ ነበር። ኦቢኤስ የጌሙን ምስል ተቀብሎ፣ ካሜራውን ጥግ ላይ ለጥፎ፣ የውጤት ሰሌዳውን ደርቦ አንድ ሥዕል ሲያደርግ የሚሠራው በዚያው ጂፒዩ ነው። ጌሙ ገደብ ካልተበጀለት ጂፒዩውን እስከ 99 ከመቶ ይይዘዋል። ድግስ ላይ ቀድሞ ገብቶ ማዕዱን ሁሉ እንደከበበ እንግዳ ነው። አስተናጋጁ ራሱ መቆሚያ ያጣል።

ጌሙን 75 ፍሬም ላይ ገደብኩት፣ ሞኒተሩ የሚያሳየው እሱን ስለሆነ። ጂፒዩው 81 ከመቶ ሆነ። ኦቢኤስንም «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብዬ ከፈትኩት፤ እንዲያ ሲከፈት ዊንዶውስ የጂፒዩ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ያመለጠ፦ 4።

ሦስቱም ዓምዶች ባዶ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ወንድሜን ጠርቼ አሳየሁት። እሱ ቁጥሩን ትቶ ስልኩን አየና «አሁንም ይንገጫገጫል» አለ። እውነቱን ነው።

ጥር 7፣ ሐሙስ

ሥላሴ ስለሆነ ብዙ አልሠራሁም። አንድ ነገር ብቻ። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀምር፣ ቴስታ ጎል ሲገባ፣ ሁሉም ነገር ለግማሽ ሰከንድ ድርቅ ይላል፣ እኛው ስክሪን ላይ ሳይቀር። ታስክ ማኔጀር (የኮምፒውተሩን ጭነት የሚያሳየውን መስኮት) ከፍቼ ጠበቅሁ። ራም ከ8 ጊጋ 7.7 ተይዟል። ሲሞላ ወደ ሃርድ ዲስኩ ይገለብጣል፤ የእኛው ዲስክ ደግሞ የሚሽከረከረው ዓይነት፣ ሽማግሌ ነው። ሱቅ ከቆመ አንድ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ 8 ጊጋ ራም ነቀልኩ፣ ያው ፍጥነት። ሁለተኛውና አራተኛው ቀዳዳ ላይ ሰካኋቸው፤ ጥንድ ሆነው በሁለት መስመር እንዲሠሩ። ድርቀቱ ጠፋ።

ጥር 8፣ ዓርብ፦ ይንገጫገጫል

ለዚህ ቀን ነው ይህን ማስታወሻ የምጽፈው።

ስታትስ ንጹሕ ነው። ኢንተርኔቱ ደህና ነው። ምስሉ ግን ካሜራው ተጫዋች ተከትሎ ወደ ጎን ሲሄድ ይዘላል። ዓይኔን ተጠራጠርኩ። ስለዚህ ስትሪሙን ትቼ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ደቂቃ ቀረጽኩ። ቪዲዮውን በቪኤልሲ (ቪዲዮ ማጫወቻ ነው) ከፈትኩ። ቪኤልሲ ላይ ቪዲዮውን አቁሞ «ኢ» (E) ፊደልን መጫን አንድ ፍሬም ብቻ ወደፊት ያስኬዳል።

ከሜዳው ጠርዝ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። አንዷን ፊደል መረጥኩ። የወንድሜን ማስመሪያ ሞኒተሩ ላይ ለጠፍኩ። «ኢ» ስጫን ፊደሏ ስንት ሚሊ ሜትር እንደምትሄድ መዘገብኩ።

14። 21። 14። 21። 14። 21።

ሦስት ጊዜ ደገምኩ። ያው ነው። ካሜራው በእኩል ፍጥነት ነው የሚሄደው፣ ፊደሏ ግን አንዴ አጭር አንዴ ረጅም ትራመዳለች። ትነክሳለች! የአንድ እግሩ ጫማ ሶሉ የወፈረ ሰው አካሄድ ነው።

ከዚያ ሒሳቡ ራሱ መጣ። ጌሙ በሰከንድ 75 ሥዕል ይሠራል። ስትሪሙ 30 ይወስዳል። 75 ለ30 ሲካፈል ሁለት ተኩል ነው። ግማሽ ፍሬም የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ኦቢኤስ አንዴ ከሁለት ፍሬም በኋላ፣ አንዴ ከሦስት ፍሬም በኋላ ይወስዳል። ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት። 14 እና 21 ማለት እሱ ነው፤ ሁለት ሰባትና ሦስት ሰባት። አንድም ፍሬም አልጠፋም። ለዚህ ነው ስታትስ ምንም ያላለችኝ። እሷ የምትቆጥረው የጎደለውን ነው፤ የተዛነፈውን አትቆጥርም።

ጌሙን 60 ላይ ገደብኩ። ሞኒተሩንም ወደ 60 ኸርዝ አወረድኩ። 60 ለ30 ሁለት ነው፣ ሁልጊዜ ሁለት። እንደገና ቀረጽኩ፣ እንደገና ማስመሪያ።

17። 18። 17። 18። 18። አንድ ሚሊ ሜትሯ የዓይኔ ስሕተት ነች።

ወንድሜ 75 ኸርዝ ሞኒተር ገዝቶ በ60 መጫወቱ አልዋጥለት አለ። «ለውድድሩ ቀን ብቻ» አልኩት። ለባሕር ዳሩ ልጅ ሊንኩን ላክንለት። መልሱ አንድ ቃል ነበር፦ «ተስተካክሏል»። ምን እንደነካሁ አልነገርኩትም ነበር፤ ስለዚህ ምስክርነቱን ተቀብያለሁ።

ጥር 9፣ ቅዳሜ

በጥምቀት ዋዜማ ሰሞን የማይጋግር ቤት የለም። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉን ነገር እንደ ውድድሩ ቀን አድርገን እየሞከርን እያለ ስትሪሙ ድርግም አለ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ተመለሰ። እንደገና ድርግም።

ወንድሜ «ምጣዱ ነው» አለ። እናቴ ማዕድ ቤት ሆና ሰማችው። «እኔ ነኝ እንግዲህ የናንተን ጨዋታ ያበላሸሁት?» ብላ ሳቀች።

መልቲ ሜትር አመጣሁ። ቀን 221 ቮልት የነበረው 172 ሆኗል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ሺህ ተኩል ዋት ያህል ይጎትታል፤ የኛ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ ሁሉ ነው የተጣደው። ግን አንድ ነገር አልገጠመልኝም። የራውተሩ አዳፕተር ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» ተብሎ ተጽፏል። በ172 መጥፋት የለበትም። ኮምፒውተሩም ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው መጠባበቂያ) ላይ ስለሆነ ደህና ነው።

ሳሎን ሄጄ ቆምኩ። ቀጭ! የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር። ስታብላይዘሩ ነው። ራውተሩ የተሰካው እሱ ላይ ነው። ቮልቴጁ ሲወርድበት ዕቃ እንዳይጎዳ ብሎ ጭራሽ ያቋርጣል፣ ሲመለስ ደግሞ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ ይከፍታል። ከዚያ ራውተሩ እስኪነሣ ሌላ ደቂቃ። በ172 ቮልት ጤነኛ ሆኖ የሚሠራውን ዕቃ ሊጠብቀው ብሎ ገደለው።

ራውተሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። እናቴን «እማ፣ እስኪ ምጣዱን መልሰሽ ጣጂው» አልኳት። «አሁንም ጋግሪ ትለኛለህ?» አለች፣ ግን ጣደችው። መብራቱ ደበዘዘ፣ ስታብላይዘሩ ቀጭ አለ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ስትሪሙ ንቅንቅ አላለም።

ጥር 10 እና 11

ከተራና ጥምቀት። ኮምፒውተሩን አልከፈትኩም።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

ከቀኑ 9 ሰዓት ጀመርን፣ 12 ከ20 ላይ ጨረስን። አሥራ አምስት ጨዋታ። 360,000 ፍሬም። በኔትወርክ የወደቀ 412፣ ያመለጠ 37፣ የተዘለለ ዜሮ። ዋንጫው አንድ ሳጥን ለስላሳ ነበር፣ የወሰደው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ወንድሜ ከሩብ ፍጻሜ በፊት ወድቆ ኮሜንታተር ሆነ።

አንድ ነገር ብቻ። 12 ሰዓት ገደማ ላይ የአክስታችን ልጅ «ጌሙ ደህና ነው፣ የናንተ ፊት ግን ይንገጫገጫል» ብላ ላከች። ቃሉን በትክክል መረጠች፤ ጥግ ላይ ያለችው የካሜራ ምስል ብቻ ነበረች። ክፍሉ እየጨለመ ነበር። ዌብካም ብርሃን ሲያንሰው እያንዳንዱን ፍሬም ረዘም አድርጎ ያነሣል። 30 የነበረው 15 ይሆናል። አንድ ልጅ የእጅ ባትሪ ፊታችን ላይ አብርቶ ቆመ። ወዲያው ተስተካከለ። ልጁ እስከ ፍጻሜው ድረስ ቆመልን፣ ለስላሳም ተካፍሏል።

ጥር 13፣ ረቡዕ

ቅጂውን መልሼ ሳየው ሌላ ነገር ታየኝ። ወንድሜ «ጎል!» ሲል ድምፁ ይቀድማል፣ አፉ ኋላ ይከፈታል። ዌብካሙ ምስሉን ሲያቀብል ይዘገያል፣ ማይኩ አይዘገይም።

ካሜራው ፊት ቆሜ አጨበጨብኩ፣ አሥር ጊዜ፣ እየለየሁ። ቪዲዮ ማቀናበሪያ ላይ ከፍቼ የድምፁ ሞገድ ከሚዘልበት እስከ መዳፎቼ የሚገጥሙበት ፍሬም ቆጠርኩ። ስድስት ፍሬም። በ30 ፍሬም አንዱ 33 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ ስድስቱ 200። ኦቢኤስ ላይ የማይኩን ድምፅ 200 ሚሊ ሰከንድ አዘገየሁት፤ የጌሙን ድምፅ አልነካሁም። እንደገና ማጨብጨብ ጀመርኩ።

እናቴ በሩን ገፋ አድርጋ አየችኝ። ብቻዬን ቆሜ፣ ለኮምፒውተር። «ውድድሩ አላለቀም እንዴ?» አለች።